የቤተሰብ ትዝታም መዝገብና ግልባጭ ያስፈልገዋል

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥዬ የምገልጸው አሳብ ስለ መንገድ ብልሽት ወይም ስለ ውሃ መቋረጥ የቀረበ አቤቱታ አይደለም። ነገር ግን በብዙ ሰው ቤት፣ ይልቁንም እንደ እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባገለገሉ ሰዎች ቤት፣ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ በዝምታ ስለሚጠፋ ሀብት የሚናገር ስለ ሆነ፣ በአንባቢያን አምድ ጥቂት ስፍራ እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 38 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የገባውን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ የወጣውን በወጪ መዝገብ ማስፈር፣ ለእያንዳንዱም ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ግልባጩን ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ነበር። አንዲት ወረቀት ከቦታዋ ከጠፋች እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አለቆቼም ስለዚህ ጥንቃቄዬ አመስግነውኛል። ይሁን እንጂ ለመሥሪያ ቤት ወረቀት ይህን ያህል ስጠነቀቅ፣ የገዛ ቤቴ መዝገብ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በ38 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዘወር ብዬ አላየሁም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን የራሴን ጥፋት ተናግሬ ሌላው ከእኔ እንዲማር ነው።

አባቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. ለሥራ ትምህርት ወደ ምዕራብ ጀርመን ተልከው ዘጠኝ ወር ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ፣ ለእናቴ ካፖርት፣ ለእኛ ለልጆቹ ጫማ፣ ለራሳቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ የፊልም ማንሻ ካሜራና ፊልሙን በግድግዳ ላይ የምታሳይ ፕሮጄክተር ይዘው መጡ። ካሜራዋ ሱፐር 8 የምትባለው ዓይነት ነበረች። ሱፐር 8 የኮዳክ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ሲሆን፣ ከ1932 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ለተራ ሰው እንዲቀል አድርጎ ያሻሻለ ነው። ፊልሙ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ማንኛውም ሰው ወደ ካሜራው ከትቶ ወዲያውኑ ሊያነሣበት ይችላል። የአንዱ ጥቅል ርዝመት 15 ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ሴኮንድ 18 ሥዕል እየተነሣ የሚያሳየው 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ብቻ ነው። የእኛው ድምፅ አልነበረውም።

ከዚህ የተነሣ አባቴ እንደ ዛሬ ሰው ያገኙትን ሁሉ ዝም ብለው አያነሡም ነበር። «ይህ ገንዘብ ነው» ይሉና ካሜራዋን ወደ ዐይናቸው ከማንሣታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ቆመው ይመለከቱ ነበር። አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ቢጫ በሆነው ፖስታ አድርገው ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሽቱትጋርት ከተማ ይልኩታል። የኮዳክሮም ፊልም እዚያ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ሳምንታት ስለሚያልፉ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ቢጫው ፖስታ መጣ ወይ?» የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ይሠራ ነበር። አባቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለእኛ ሳላቸው ብቻ የሚሰማ ሰው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማታ ሲገቡ ራዲዮናቸውን ይከፍታሉ፤ እኛም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን ክራባታቸውን ፈትተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፎልክሳቸውን ሊያጥቡ ወደ ግቢ ሲወጡ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። እኛም ባልዲ ለማቀበል እንሽቀዳደማለን።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ከእግራቸው ሥር የማይለይ አንድ ውሻ ነበረን። ከሰላሌ የመጡ አንድ ዘመድ ቡችላ ሆኖ ያመጡልን ነው። እኛ ልጆቹ «ቦቢ» ልንለው ፈልገን ነበር፤ አያቴ ግን «የፈረንጅ ስም እየጠራሁ ውሻ አላበላም» ብለው «መከታ» አሉት። በአገራችን ልማድ ውሻ የግቢ እንጂ የቤት አይደለም፤ ነጠላዋን ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ውሻ ቀሚሷን እንዲነካው አትወድም። መከታም የቤቱን ደፍ እንዳያልፍ ተከልክሎ ነበር። እርሱም ሕጉን ያከብር ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን የፊት እግሮቹን ከደፉ ላይ አሳርፎ ቀሪውን ሰውነቱን በውጭ እያስቀረ፣ ሕጉን በምን ያህል ሊያጣምመው እንደሚችል ዘወትር ይፈትን ነበር። ይህንንም ያዩ አባቴ «ይህ ውሻ ጠበቃ ይወጣዋል» ይሉ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዳንድ ጊዜ በዚያ ዘመን ደብረ ዘይት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ቢሾፍቱ እንሄድ ነበር። እናቴ ሌሊት ተነሥታ ዶሮውን ሠርታ፣ እንጀራውን በአገልግል አድርጋ፣ ድፎውን በጨርቅ ጠቅልላ ታዘጋጃለች። የመጀመሪያው ቀን መኪናው ሲንቀሳቀስ መከታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትሎን ሮጠ። አባቴ ሁለት ጊዜ ቆመው መለሱት፤ በሦስተኛው ጊዜ «እንግዲህ ምን ይደረጋል!» ብለው በሩን ከፈቱለት። ከዚያ ወዲያ መከታ ከእግራችን ሥር ተጋድሞ የማይቀር መንገደኛ ሆነ። በሆራ ሐይቅ ዳር ምንጣፍ ተዘርግቶ እንበላለን፤ አምቦ ውሃው በሐይቁ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ አባቴም ካሜራዋን ያወጣሉ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ደግሞ ሌላ በዓል ነበር። ነጭ አንሶላ በግድግዳው ላይ ይወጠራል። የጎረቤት ልጆች ሁሉ መጥተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። መብራቱ ሲጠፋ ፕሮጄክተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንቀጫቀጨ መሥራት ይጀምራል። አባቴ በመጨረሻ ፊልሙን ወደ ኋላ እንዲሄድ ያደርጉልን ነበር። ያን ጊዜ መከታ የዋጠውን ቁራሽ እንጀራ ሙሉውን ከአፉ አውጥቶ ለእናቴ እጅ ይመልሳል፤ ሐይቅ ውስጥ ዘሎ የገባው የአጎቴ ልጅም እግሩን አስቀድሞ ከውሃ ወጥቶ ሳይረጥብ ዳር ላይ ይቆማል። እኛ በሣቅ እንንከባለላለን፤ አያቴ «በስመ አብ!» ይሉና ያማትባሉ።

አባቴ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ 11 ጥቅል አነሡ። ሁሉም ተደምሮ 36 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። የአምስት ዓመት የቤተሰብ ኑሮ ማለት ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። ፊልም መግዛትም መላክም ቀረ፤ የእሑዱም ጉዞ ቀረ። መከታም በዚያው ሰሞን፣ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ተብሎ ከአጥር ሥር የተጣለ መርዝ ያለበት ሥጋ በልቶ ሞተ። አባቴ ማንንም ሳይጠሩ ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ቆፍረው ቀበሩት፤ ከዚያም እጃቸውን ታጥበው ወደ ሥራ ሄዱ። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ በሆነ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ መጽሐፉንና ፎቶግራፉን ሲያቃጥል፣ እናቴ ፊልሞቹን በሣጥን ሥር አድርጋ የክት ልብሷን ጫነችባቸው። ከሐይቁ ሳይረጥብ ሲወጣ ያየነው የአጎቴ ልጅ በዚያው ዓመት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም።

እነዚያ 11 ጥቅሎች በሣጥኑ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ተቀመጡ። አባቴ በ1987 ዓ.ም. ዐረፉ። ፕሮጄክተሩም አምፖሉ ተቃጥሎ ከዕቃ ቤት ገባ። እኔም «አንድ ቀን አያቸዋለሁ» እያልሁ ቆየሁ። ጡረታ በወጣሁ ማግሥት የሚሠራ ነገር ባጣሁ ጊዜ ሣጥኑን ብከፍተው አቼቶ የፈሰሰበት ይመስል ሽታው ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ እናቴን ጠርሙስ ተሰብሮባታል ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ገላ አሴቴት ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ውስጡ እየተበላሸ አሲድ ያወጣል፤ ሽታው የአቼቶ ሽታ የሆነው ሁለቱም አሴቲክ አሲድ በመሆናቸው ነው። የከፋው ነገር የወጣው አሲድ ራሱ ብልሽቱን ያፋጥነዋል፤ በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ አንድ የታመመ ጥቅል በአጠገቡ ያሉትን ጤነኞች ጭምር ያበላሻል። በመጨረሻም ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው።

በአሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ፊልሞቹን በእጁ ይዞ ሄደ። በአውሮፕላን ጣቢያ የፍተሻ ጨረር ይጎዳቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ነገር ግን ጨረሩ የሚጎዳው ገና ያልታጠበ ፊልም እንጂ ታጥቦ ያለቀውን እንዳልሆነ ተረዳሁ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ሥዕል አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡት። ከ11ዱ ሁለቱ ተጣብቀውና ተኮማትረው ስለ ነበር ሊተርፉ አልቻሉም። ዘጠኙ ዳኑ። ከ36 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ የቀረን ልክ 30 ደቂቃ ነው። በጠፉት በሁለቱ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ አባቴ በቆርቆሮዎቹ ላይ ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አልጻፉም ነበርና።

ያን 30 ደቂቃ ከእናቴ ጋር ተቀምጠን አየነው። እናቴ ዕድሜዋ 86 ነው፤ የትናንቱን ትረሳለች፤ የጥንቱን ግን አትረሳም። እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገር ከዚህ ላይ ነውና አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የተረዳሁት የገዛ ትዝታዬ ምን ያህል እንደሚያታልለኝ ነው። መከታ በአሳቤ አንበሳ የሚያህል ነበር። በፊልሙ የሚታየው ግን ቀጭን፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ተራ የአበሻ ውሻ ነው። የሐይቁ ዳር እሑድም በአሳቤ ሁሉም ሰው ያረፈበትና የተደሰተበት ቀን ነበር። ፊልሙ ግን እናቴን ያሳያል። በአንዱ ጥቅል ወጥ ታወጣለች፤ በሌላው እጅ ታስታጥባለች፤ በሦስተኛው ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሳለች ዕቃ ታጥባለች። በዘጠኙ ጥቅል ውስጥ ተቀምጣ ስትበላ የምትታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁሉ ከተነሣ በኋላ ብቻዋን ነው። ይህን አይቼ «እማዬ፣ ለካ አንቺ እሑድ አልነበረሽም» ብላት፣ «መቼ ጠየቃችሁኝ?» ብላ ፈገግ አለች። 50 ዓመት ሙሉ ስለዚያ እሑድ ጣፋጭነት ለልጆቼ ሳወራ፣ የእናቴን ድካም አንድ ጊዜም አላነሣሁም ነበር። ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ይህን ሳላውቅ እሞት ነበር።

ሁለተኛው ነገር የአባቴ ነው። ፊልሙን ሁሉ ያነሡት እርሳቸው ስለ ሆኑ በዘጠኙም ጥቅል ውስጥ የሉም። አንድ ጊዜ ብቻ በሣሩ ላይ ረጅም ጥላቸው ይታያል። ይህ በጣም አሳዘነኝ። «የሁላችንንም ሥዕል አስቀርተው የራሳቸውን ሳያስቀሩ ሄዱ» አልሁ። በዚህ ጊዜ በፊልሙ ውስጥ መከታ ከሩቅ፣ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ ያች የታጠፈች ጆሮው እየተርገበገበች፣ በቀጥታ ወደ እኛ እየሮጠ መጣ፤ እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ ሥዕሉን ሁሉ በአፍንጫው ሞላው፤ ከዚያ ተቋረጠ። እንዲህ ያለ ነገር በአራት ጥቅሎች ላይ አለ። እኔ ውሻው ካሜራውን ወድዶ ነው ብዬ ነበር። እናቴ ግን «ወደ አባትህ እኮ ነው የሚሮጠው» አለችኝ።

አባቴን ስፈራቸው ነው ያደግሁት። እኔ እንደዚያ ሮጬ ወደ እርሳቸው የሄድሁበትን ቀን አላስታውስም። ነገር ግን እናቴ ይህን ቃል ከተናገረች በኋላ ፊልሙን መልሼ ሳየው፣ ለካ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ካሜራውን የምናይበት ዐይን ሰው የሚወደውን ሰው የሚያይበት ዐይን ነው። አባቴ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተወደዱ በያንዳንዳችን ፊት ላይ ይታያል። ይህን ማወቅ ለአንድ ጡረተኛ ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በ1982 ዓ.ም. እኅቴ ስትዳር በቪዲዮ ተቀርጾ ሁለት ካሴት ተሰጠን። የመጀመሪያው ሠርጉ ነበር፤ በዘፈን የተሞላ ስለ ሆነ የሰው ድምፅ የለበትም። ሁለተኛው የመልሱ ቀን ነበር። በእርሱ ውስጥ አያቴ ተነሥተው ሙሽሮቹን ረጅም ምርቃት ሲመርቁ፣ አባቴም ከአጠገባቸው ሆነው «አሜን» ሲሉ ይሰማ ነበር። አያቴ በ1984 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐምሌ 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ማታ ፈረንሳይና ብራዚል ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ በማግሥቱ ሰኞ ስለ ነበርና ሥራ ስለ ነበረብኝ፣ ጨዋታውን ቀርጬ ነገ አየዋለሁ ብዬ እጄ የገባውን ካሴት ወደ ዴኩ ከተትሁት። ያ ካሴት የመልሱ ነበር። ፈረንሳይ 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ያን ጨዋታ ዛሬ በየትም ቦታ ማየት ይቻላል። የአያቴን ምርቃትና የአባቴን «አሜን» ግን በየትም ቦታ ማግኘት አይቻልም። በዚያ ካሴት ጀርባ በግራ በኩል አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች፤ እርስዋ ከተሰበረች ካሴቱ በላዩ ሌላ አይቀረጽበትም። እርስዋን መስበር የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነበር። ለእኅቴ ይህን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አልነገርኋትም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ኑሮ በተወደደበት፣ ስንት የሚያሳስብ ነገር ባለበት ጊዜ ስለ ድሮ ፊልም ማውራት የጥጋብ ነው» ይል ይሆናል። ሌላውም «ካሜራ የነበረው ስንቱ ነው?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ እውነትነት አለው። የእኛ ቤት ዕድለኛ ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙው ቤተሰብ ያለው በፎቶ ቤት የተነሣች አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበረች፤ እርስዋም የሌለችው ብዙ ነው። ዛሬ ግን በደመወዛችን ልክ የሆነ ስልክ በየኪሳችን አለ፤ አባቴ በአምስት ዓመት ያነሡትን እኛ በአንድ የልደት በዓል እናነሣለን። ታዲያ ምን እናነሣለን? ኬኩንና መድረኩን እናነሣለን። እናታችን ቡና ስትቆላ፣ አባታችን ነገር ሲተርኩ፣ ውሻችን በደፉ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ግን «ነገ አለ» እንላለን። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅም ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ ብዙ ያጣ ቤተሰብ የቀረውን ጥቂት ነገር በበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል። ከቤቱ ወጥቶ ላልተመለሰው ለአጎቴ ልጅ መቃብር የለውም፤ ያለው በሐይቁ ዳር የሚዘልበት 11 ሴኮንድ ነው።

ስለዚህ ከስሕተቴ የተማርሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በቤትዎ የቆየ ፊልም ካለ ዛሬውኑ ከፍተው ያሽትቱት። የአቼቶ ሽታ ካለው ከጤነኛው ይለዩት፤ ከማድ ቤትና ከጣሪያ ሥር አውጥተው ቀዝቃዛ፣ ደረቅና አየር የሚያገኝበት ስፍራ ያስቀምጡት። በአሮጌ ፕሮጄክተር ለማየት አይጣደፉ፤ የተኮማተረ ፊልም በጥርሱ ይቀደዳል።

ሁለተኛ፤ የቪዲዮ ካሴት ካለ ያችን የፕላስቲክ ምላስ ይስበሩ። የካሴት ክር ብዙ ዘመን የሚኖር ነገር አይደለም፤ በክረምት እርጥበትም ይሻግታል። ከዚህም በላይ ማጫወቻው ራሱ እየጠፋ ነው፤ የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ ሠሪ የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መሥራቱን አቁሟል። ዴኩ ያለው ጎረቤት ሳለ ማስገልበጥ ይሻላል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላልና።

ሦስተኛ፤ ግልባጭ ይኑረው። በመሥሪያ ቤታችን ለተራ ደብዳቤ እንኳ ሦስትና አራት ግልባጭ እናደርጋለን፤ ለእናታችን ፊት አንድ ግልባጭ እንኳ መንፈግ የለብንም። አንዱ በቤት፣ አንዱ በዘመድ ቤት፣ አንዱም በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ባለ ልጅ ዘንድ ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ከቤቱ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጋር ተቀምጣችሁ «ይህ ማነው? ይህ የት ነው? መቼ ነው?» ብላችሁ ጻፉ። እናቴ ባትነግረኝ ኖሮ በሦስተኛው ጥቅል ከአያቴ ጋር የተቀመጡትን ሴት ጎረቤት ናቸው ብዬ አልፋቸው ነበር፤ የአባቴ የጡት እናት ነበሩ። ስም የሌለው ሥዕል ቁጥር የሌለው ፋይል ነው፤ ቢኖርም አይገኝም።

በመጨረሻም ለመንግሥት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብታችን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን መጻሕፍትና መዛግብት ሲጠብቅ ኖሯል። ከግለሰቦች ቤት የሚገኙትንም ፊልሞችና ካሴቶች፣ ዋናውን ለባለቤቱ ትቶ፣ ግልባጭ እየወሰደ ቢያስቀምጥ፣ የነገሥታትና የሹማምንት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የተራው ሰው እሑድም ለትውልድ ይተርፋል። በሌላው ዓለም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን የየቤታቸውን ፊልም ወደ አንድ አዳራሽ አምጥተው በባለሙያ የሚያስመረምሩበትና አብረው የሚያዩበት ልማድ አለ። ዩኔስኮም ኦክቶበር 27 ቀን የድምፅና የምስል ቅርስ ቀን ሆኖ እንዲከበር አድርጓል፤ ይህም በእኛ የጥቅምት ወር አጋማሽ ላይ ይውላል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቤት ሲጸዳ፣ ሣጥን ሲከፈት የሚውል ቀን ስለ ሆነ፣ እድሮችና የመሥሪያ ቤት ማኅበራት በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመድቡለት መልካም ይመስለኛል።

እኔ በበኩሌ አሁን እሑድ እሑድ ከእናቴ ቤት አልቀርም። ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ጨው ብዙ ጊዜ ይበዛብኛል፤ እርስዋ ግን ተቀምጣ ትበላለች። የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ ያነሣናል። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ «አሁን አንተ ግባ፤ እኔ ላንሣ» አልሁት፤ የሚያነሣው ሰው ከሥዕሉ እንዳይቀር ነው። የጎረቤቱም ቡችላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ መጥቶ ሁለት እግሮቹን ከደፋችን ላይ አሳርፏል። እናቴ አይታው «ተወው፣ ይግባ» አለች።



ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ